ጥቆማ፦ ልጆች ይዤ የትኛው ሙዚየም ልሂድ?

የሦስቱ አክስት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጆች ለክረምት ከሐዋሳ መጥተዋል። 4፣ 7 እና 11 ዓመታቸው ነው። ስልክ ላይ ተጥደው ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። አንድ ሙዚየም ላሳያቸው አስቤያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውን ትላላችሁ? አንድ ብቻ፣ ትንሹ ከዚያ በላይ አይችልም። ደረጃ ባይበዛበት ደስ ይለኛል።

አራዳው፦ ብሔራዊ ሙዚየም። ሌላ ጥያቄ?

የመንታ እናት፦ እኔ ዋና ነው ያስመዘገብኳቸው። ማታ ራታቸውን በልተው ወዲያው ድብን ነው። እስቲ አስቢበት።

ቆፍጣናው፦ እኔስ ሙዚየም በቃኝ። ስሙን አልጠራም። ባለፈው ክረምት ልጆቼን ይዤ አንዱ ጋ ሄድን። ቦርሳ በር ላይ አስቀምጡ አሉን፣ እሺ አልን። የልጆቹ ውሃና ጃኬት አብሮ ቀረ። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ድርግም! አስጎብኚው የስልኩን ባትሪ አብርቶ "ይሄ ጋሻ ነው፣ ይሄ ጎራዴ ነው" እያለ ቀጠለ። ትንሿ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሽንት ቤት ልውሰዳት ብል ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል አሉኝ።

ነገረኛው፦ ቁልፉም ቅርስ ሆኖ መዝግበውት ይሆናል።

ሰላማዊት፦ ኧረ የት ነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ቆፍጣናው፦ አልናገርም አልኩ እኮ። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ችግሩ ቁልፉ ነው።

ጋሽ በሪሁን፦ መብራት የማይጠፋበት የት አለ? ሙዚየሙ ላይ ባንፈርድ። ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ከቤት አስሸንቶ ነው የሚወጣው።

ቆፍጣናው፦ ጋሼ፣ አስሸንቼ ነው የወጣሁት። የአራት ዓመት ልጅ ናት።

አራዳው፦ ለዚህ ነው ብሔራዊ ያልኩት። ድንቅነሽን ያላየ ልጅ አዲስ አበባ መጣ አይባልም።

ነገረኛው፦ የሚያሳዩህ እኮ በአብዛኛው ቅጂዋን ነው። ፎቶዋን ሶፋዬ ላይ ሆኜ ባየው አይዘንብብኝም ነበር።

አራዳው፦ ቅጂም ቢሆን ድንቅነሽ ናት። ጨርሻለሁ።

ስድስት ኪሎ ያደግኩ፦ ጥያቄውን ትተን ስለ ቁልፍ ማውራት ጀመርን። እህቴ፣ በብሔራዊው ልጆቹን በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ አውርጃቸው። ድንቅነሽ በ1967 አፋር ውስጥ ሐዳር የሚባል ቦታ ነው የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ለልጅ ግን ይሄ ቁጥር ምኑም አይደለም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። የሰባት ዓመቱን ከጎኗ አቁሚውና "ማን ይበልጣል?" በይው፣ ያን ጊዜ ያፈጣል። ከዲኪካ የተገኘችው ሰላምም አለች። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። የትንሹ እኩያ ማለት ነው፣ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ይሁን እንጂ።

የእኔ ምርጫ ግን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። ቤቱ የቀኃሥ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፣ ከልደት እስከ ሞት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያገኙት ልጅነትን ነው። የጃንሆይ መኝታ ቤትም አለ። ውጭ የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ እንዳታልፊው። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት አንድ እርከን ብለው ነው የሠሩት። ከጫፉ ላይ በኋላ የኛ አንበሳ ወጣበት። የ11 ዓመቱ እርከኖቹን ይቁጠርና ሙሶሊኒ ስልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምሮ ያስላው።

ነገረኛው፦ "ደረጃ ባይበዛበት" ላለች ሴት ደረጃ መከርክ። ጎበዝ።

ስድስት ኪሎ ያደግኩ፦ የውጩን አይወጡትም፣ ይታያል እንጂ። ሙዚየሙ ግን ፎቅ ላይ ነው፣ እሱን አልክድም። ትንሹን ማቀፍ ነው። መታወቂያም ያዢ፣ የግቢው በር ላይ ይጠየቃል።

ሰላማዊት፦ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር መታሰቢያስ? እኔን በጣም ነክቶኛል።

ጋሽ በሪሁን፦ ልጄ፣ እሱ ለሕፃን አይደለም። የራስ ቅልና የሟቾች ፎቶ ነው ያለው። እኛ ዕድሜያችን ለገፋውም ይከብዳል። ትልቁ ሲጎረምስ ይሂድ።

የመንታ እናት፦ ለትንሹ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ይሻለዋል። ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ አውሬዎች ናቸው። የኔዎቹ ታሪኩን ሁሉ ረስተው እነሱን ብቻ ነው የሚያወሩት።

ሚኪ ፒያሳ፦ ማንም ዓድዋ መታሰቢያን አላነሳም? በ2016 የተመረቀው ፒያሳ ላይ ነው። ለ11 ዓመቱ ከክፍል ትምህርት ይበልጣል። ሰፊ ነው ግን፣ እግር ይፈልጋል።

የሦስቱ አክስት፦ ኧረ ተባረኩ። ዝናቡስ እንዴት ይሆናል?

ስድስት ኪሎ ያደግኩ፦ ጠዋት ሂጂ። ክረምት ከሰዓት በኋላ አይታመንም።

ሰላማዊት፦ ለልጅ የሚሆን የዝናብ ልብስ ግን ከየት ነው የምትገዙት? የኔዋ ቶሎ ቶሎ ይቀደዳል።

የመንታ እናት፦ መርካቶ ድንኳን ሰፊዎቹ ጋ። ወፍራሙን ሸራ ጠይቂ።

ነገረኛው፦ ልጅቷን ድንኳን ልታለብሳት ነው።

ተጓዡ፦ እኔ ጎንደር ነኝ። የፋሲል ግቢስ ለልጆች ይመቻል?

ጋሽ በሪሁን፦ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ይሯሯጡበታል። ግንቡ ላይ እንዳይንጠላጠሉ ብቻ ጠብቃቸው።