እናቴ በጾሙ ስኳሯ እየወረደ ተቸግረናል፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ የምንኖረው ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ክትትሏ ጤና ጣቢያ ሲሆን ጠዋትና ማታ ደመናማውን ኢንሱሊን ትወጋለች። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ሐሙስ 6 ሰዓት ገደማ ቡና ስትቆላ እጇ ተንቀጥቅጦ ምጣዱ ወደቀባት፤ ላብ አጠመቃት፣ እኔንም በእህቴ ስም ጠራችኝ። ስንለካት 52! ጠዋት ባዶ ሆዷን ሲለኳት ደግሞ ከፍ ስለሚል ባለፈው ቀጠሮ መጠኑ ተጨምሮላታል። መጾሟን ለነርሷ አልነገረቻትም። ፍሪጅም የለንም።

መልስ (ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ)
እህቴ፣ ጠዋት 12 ሰዓት የተወጉት ኢንሱሊን ቀትር ላይ ነው የሚበረታው፤ ያኔ ሆዳቸው ባዶ ነው። ማታ አብዝተው ከበሉ ደግሞ ጠዋት ከፍ ይላል። ጾሙን ያልሰማች ነርስ መጠኑን ብትጨምር አይገርምም፣ እኔም እጨምር ነበር። ቀጠሮ ሳትጠብቁ ነገ ሄዳችሁ ንገሯት። መርፌውን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ተወግተውም ሳይበሉ አይዋሉ። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ካልተስተካከለ ድገሙት፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

መልስ (ከመተማ)
ለአባቴ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጠን መሃሉን አሸዋ ሞላንበት፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣዋለን። ኢንሱሊኑ በፌስታል ተቋጥሮ ትንሹ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን፤ የታፈነ ጓዳ ውስጥ አይቀዘቅዝም። የተከፈተበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈን እንለጥፍበታለን፣ ከ28 ቀን አናሳልፈውም። በመዳፍ ሲያሹት ጓል የሚታይበትን ጣሉት።

መልስ (14 ዓመት ከስኳር ጋር የኖርኩ)
የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩልኝ እባካችሁ። የእኔ አባት ሰዓቱን አንስተውልኝ ጠዋት በሽሮ እበላለሁ፣ ከፍስኩ ብቻ እጾማለሁ። እናትሽም ከእሳቸው ቢሰሙት ልባቸው ያርፋል። ሌላው፣ በቀጠሮ ቀን ቤት እንዳይወጉ! መርፌውንና ምሳቸውን ቋጥረው ይሂዱ፣ ደም ከሰጡ በኋላ ተወግተው ወዲያው ይብሉ። እኔ ቤት ተወግቼ ሄጄ ወረፋ ላይ ወድቄያለሁ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄድን። ነርሷ የጠዋቱን ቀነሰችላት፣ ጫማዋንም አስወልቃ እግሯን አየችላት፣ ለሳምንት ቀጠረችን። አባ ማታ ይመጣሉ። ወንድሜ አሸዋ ሊያመጣ ወንዝ ወርዷል።