የእድሩ የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ጌም ለክፍለ ከተማው የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ 2፡15
ረቂቁ ይኸው። እስከ ሐሙስ 6 ሰዓት ክፍለ ከተማው ካልገባ የዘንድሮው አለፈን ማለት ነው። ጠቅላላው 46,000 ብር ነው። 20,000 ከእድሩ ካዝና፣ የቀረውን ከእነሱ እንጠይቃለን። 1ኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ልጆችንና ወላጆችን የሚያማክር ባለሙያ፣ ለ3 ወር 30,000። 2ኛ፣ ከሰፈሩ ጌም ቤቶች ጋር የመዝጊያ ሰዓት ስምምነት፣ ወጪ የለውም። 3ኛ፣ ልጆች ጌም ላይ ሲሰዳደቡና ሲያስፈራሩ ነገሩን ይዞ የሚያይ የወላጆች ቡድን፣ ለሥልጠና 8,000። 4ኛ፣ ባነር 3,200። ለወረቀት፣ ለውሃና ለባጃጅ 4,800። ሐሳብ ያለው አሁኑኑ ይጻፍ።

የጌም ቤቱ ባለቤት፣ 2፡31
2ኛው ላይ አልፈርምም። አምና ፈርሜ ምን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። እኔ ማታ 12 ሰዓት ዘጋሁ፣ ማዶ ያሉት እስከ 3 ሰዓት ሠሩ፣ ደንበኛዬ በሙሉ ወደዚያ ተሻገረ። አራት ስክሪን ነው ያለኝ፣ ሁለቱ የብድር ናቸው። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በሥራ ቀን አስገብቼ አላውቅም።

መምህርት፣ 2፡44
አንተን የከሰሰ የለም። እንዲያውም አንተ ጋ ያለው ቀላሉ ነው። ፊት ለፊት እየተያዩ ነው የሚጫወቱት፣ ቢሰዳደቡም የሚቆጣ ሰው አለ፣ ሲወጡ ተቃቅፈው ይሄዳሉ። በ2015 ክረምት ዳታ ሲቋረጥ ልጁ ሁሉ አንተ በር ላይ ነበር። ዳታው ሲመለስ ቤት ገባ። እናትየው "ልጄ ከቤት አይወጣም" ብላ ደስ ብሏታል፣ ልጁ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፍሪ ፋየር የሚባለው የስልክ ጌም ላይ ነው፣ በጆሮው የሚሰድበው ማን እንደሆነ እሷ አታውቅም። ጠዋት ዴስክ ላይ የሚተኙትን የማያቸው እኔ ነኝ።

ይህን ሐሳብ ያመጣሁት ለ3ኛው ነጥብ ብዬ ነው። የሰባተኛ ክፍሉን ልጅ ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተሸንፎ ሲያለቅስ ማይኩ ክፍት ነበር። ቀዱት። ቴሌግራም ላይ ለቀቁት፣ ፊቱን ስቲከር አደረጉት። አሁን በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ የራሱን ልቅሶ ከስልክ ይከፍቱበታል። ጌሙን ተወው? አልተወውም። "ስሜን አስመልሳለሁ" ብሎ ጭራሽ ባሰበት። ስድቡና ሱሱ አንድ ላይ የተገመዱ ናቸው። አንዱን ትታችሁ ሌላውን መፍታት አይሆንላችሁም።

ነርሱ፣ 3፡02
መምህርት ያለችው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ነገር ገብቷል፣ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ብዙ መጫወት ብቻውን ግን በሽታ አይባልም። ልጁ ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከትምህርቱም ከጓደኛውም ሲቀድምበት፣ እየጎዳው መሆኑን እያየም ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። ይህን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። 1ኛውን አትንኩት።

የሰዓቱ ነገር ላይ ባንጣላ ደስ ይለኛል። ደቡብ ኮሪያ ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ነበር። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ይገቡ ጀመር፣ የሞባይሉን ጌም ደግሞ ሕጉ አይነካውም ነበር። በ2022 መግቢያ ላይ ተሻረ። እኛም ጌም ቤቱን ብንዘጋ ስልኩ አለ።

የፖሊ ቴክኒክ ተማሪው፣ 3፡10
ወላጆችን በነፃ ላሠለጥን እችላለሁ። ፋሚሊ ሊንክ የሚባል የጉግል አፕ አለ፣ የልጁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሰዓት ይገድባል፣ አፕ ይቆልፋል። ጌሙ ውስጥም ማይክ መዝጋትና ተሳዳቢውን ሪፖርት ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ልጅ አይጠቀምበትም። ቅዳሜ ከሰዓት እድሩ አዳራሽ እገኛለሁ። 3ኛው ቡድን ውስጥም ጻፉኝ።

ጸሐፊ፣ 3፡12
ተባረክ። ጻፍኩህ።

የእድሩ ዳኛ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡05
ሁሉንም አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ባነሩ ላይ "የጌም ሱስን በጋራ እንከላከል" ይላል። ሱስ የሚለው ቃል ይውጣ። ሱስ እኛ የምናውቀው ጫቱን፣ አረቄውን ነው። የሰፈራችንን ስም ከሱስ ጋር አድርጎ አስፋልት ዳር መስቀል ነውር ነው።

ባጃጅ ነጂው፣ 1፡20
ጋሼ ልክ ነዎት። ከፔዳ እስከ ገበያ የምጭነው ሰው በሙሉ ያነበዋል። ነገ "የሱሰኞቹ ሰፈር" ይሉናል። ባጃጄ ላይ የሰፈሩን ስም ለጥፌያለሁ እኮ።

ዓሣ ነጋዴዋ፣ 1፡26
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የእኔ ትልቁ ልጅ ስልኬ ላይ በቴሌብር ካስቀመጥኩት የቆሮሶ ዓሣ መግዣ ገንዘብ እየቀነሰ ዳይመንድ የሚሉትን የጌም ገንዘብ ሲገዛ ከርሟል። ለአንድ ጨዋታ ልብስ። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ከጀልባ ዓሣ የምረከብበትን ብር። ይህ ሱስ ካልሆነ ምንድን ነው?

የእድሩ ዳኛ፣ 1፡40
ልጅሽን ገሥጪው። ባነር ላይ አይሰቀል።

ዓሣ ነጋዴዋ፣ 1፡41
ስንት ጊዜ ልገሥጸው ጋሼ?

ነርሱ፣ 2፡00
በምደባውም ቢሆን ከቁማር ጎን ነው የተቀመጠው፣ ሱስ በሚያስይዝ ባሕርይ ሥር። ቃሉ ስድብ አይደለም። ግን ካስቸገረ "ከልክ ያለፈ የጌም አጠቃቀም" በሉት፣ ወደ ሥራው እንግባ።

ባጃጅ ነጂው፣ 2፡04
ይህ ባነር ላይ አይገባም፣ ይረዝማል። በሜትር ነው የሚያስከፍሉት።

የጌም ቤቱ ባለቤት፣ 2፡15
ጌም የሚለውም ይውጣ። ባነሩ የሚሰቀለው ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። የሚያነበው ሰው ቀጥሎ የሚያየው የእኔን ቤት ነው።

መምህርት፣ 2፡18
ሱስም ጌምም ከወጣ ምን ተረፈ? "በጋራ እንከላከል"? ምኑን?

ባጃጅ ነጂው፣ 2፡30
ቃሉ ቢቀር እንኳ ባነሩን ማን ያሠራል? የእምቦጩን ዘመቻ ባነር ያየ ሰው ለዚህ እድር ባነር አያሠራም። ሦስት ቀን ጣና ውስጥ እስከ ወገባችን ገብተን እምቦጭ ነቅለን፣ ባነሩ ላይ የእድራችን ስም በስህተት ተጽፎ ምስጋናው ለጎረቤት እድር ሄደ። 2,700 ብር ነበር። ደረሰኙን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ሒሳብ ያዥ፣ 2፡33
ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ አለ። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ባጃጅ ነጂው፣ 2፡34
ሁሉም ፊት ነው የምጠይቀው።

ሒሳብ ያዥ፣ 2፡36
ስድስት ዓመት ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ የእናንተን መዋጮ ስቆጥር ኖሬ ሌባ መባል። ስለ ልጆች ስድብ ዕቅድ እያወጣን እዚሁ አዋቂው ይሰዳደባል። መዝገቡን ነገ ለዳኛው አስረክባለሁ።

(ሒሳብ ያዥ ከቡድኑ ወጣች)

ጸሐፊ፣ 2፡40
አሁን ማን ይፈርማል? ያለ ሒሳብ ያዥ ፊርማ ክፍለ ከተማው አይቀበልም።

የእድሩ ዳኛ፣ 2፡52
ባጃጅ ነጂ፣ ዛሬውኑ ቤቷ ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ነገሩ እዚሁ ይብቃ። ሐዘን ሲደርስብን ድንኳኑን ቀድማ የምታስተክል ማን ናት?

የሰባተኛ ክፍሉ እናት፣ 5፡10
የምታወሩት ስለ ልጄ መሆኑን አውቃለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ማን ምን እንደሚል ላይ ብዬ ነው። ባነሩ ላይ ምንም ብትጽፉ ግድ የለኝም። እኔ ስልኩን ነጥቄዋለሁ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለ፣ በሦስተኛው ቀን መለስኩለት። ጥፋት ከሆነ ንገሩኝ። የቀዱት ልጆች እናቶች እዚህ ቡድን ውስጥ ናችሁ። ስም አልጠራም።

ሕግ የተማረው፣ 5፡25
እህቴ፣ ይህ በሕግም ይጠየቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ወይም በስልክ ሰውን ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት እየላኩ ማስጨነቅን ይቀጣል።

የሰባተኛ ክፍሉ እናት፣ 5፡31
የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ናቸው። አብረው ነው ያደጉት፣ አንዱን እኔ አጥብቼዋለሁ። እስር አልፈልግም። ያንን ድምፅ ከስልካቸው ያጥፉት፣ እናቶቻቸው ቆመው እያዩ ያጥፉት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ነርሱ፣ 5፡44
ስልኩን ባንዴ መንጠቅ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ጥፋትም አልሠራሽም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አብሬሽ ልሄድ እችላለሁ፣ የፈረቃ ሰዓቴን አይቼ እነግርሻለሁ።

(ሒሳብ ያዥ ወደ ቡድኑ ተመለሰች)

ሒሳብ ያዥ፣ ማታ 1፡50
መጥቶ ይቅርታ ጠይቋል፣ ደረሰኙንም አይቷል። ለልጆቹ ስል ተመልሻለሁ። አሁን ባነሩን ጨርሱት፣ ወጪውን መመዝገብ አለብኝ።

ባጃጅ ነጂው፣ 1፡58
አጥፍቻለሁ። እኔ አሁን አንድ ሐሳብ አለኝ። "ወጣቶቻችን ወደ ሜዳ" ብንልስ? ሱስ የለበት፣ ጌም የለበት። ብሩን የሚሰጠው ቢሮም ስፖርት ሲባል ነው ደስ የሚለው።

የእድሩ ዳኛ፣ 2፡03
ይህ ያምራል።

የጌም ቤቱ ባለቤት፣ 2፡05
ለዚህ ዋንጫውን እኔ እገዛለሁ። በራሴ ብር።

ባጃጅ ነጂው፣ 2፡09
ታዲያ ባነሩ ሜዳ ካለ ሜዳ መኖር አለበት። ከወንዙ ወዲህ ያለው ባዶ ቦታ ድንጋዩ ቢነሣ ይሆናል። ስምንት ቡድን፣ ማልያ፣ ሁለት ኳስ፣ የዳኛ አበል።

ሒሳብ ያዥ፣ 2፡20
ማልያው ብቻ 20,000 ያልፋል። ከየት?

ባጃጅ ነጂው፣ 2፡22
ከባለሙያው ይቀነስ። ሦስት ወር ከሚመጣ አንድ ቀን መጥቶ ቢያስተምርስ?

ነርሱ፣ 2፡24
አይሆንም። ኳስ ጥሩ ነው፣ እኔም እጫወታለሁ። ግን የታመመውን ልጅ አንድ ቀን በማይክራፎን አታክሙትም። ያ ልጅ አሁን ሜዳ አይወጣም፣ የቀዱት ልጆች እዚያው ሜዳ ላይ ይጠብቁታል።

የእድሩ ዳኛ፣ 2፡30
ባለሙያው ለሁለተኛ ዙር ይቆይ። ዘንድሮ በሚያስማማን እንጀምር።

መምህርት፣ 2፡33
ጋሼ፣ ሁለተኛ ዙር የሚባለውን እኔ አላምነውም። የቤተ መጻሕፍቱም ነገር ለሁለተኛ ዙር ነበር የተባለው። ለ3ኛው የተመደበው ብር እንኳ ይቆይልኝ። የፖሊው ልጅ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። የፖሊው ልጅ፣ አለህ?

ጸሐፊ፣ ረቡዕ ጠዋት 4፡00
የፖሊውን ልጅ ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፣ አያነሣም። ፈተና ላይ ነው የሚል ሰምቻለሁ። ሌላ ፋሚሊ ሊንክ የሚያውቅ አለ?

ዓሣ ነጋዴዋ፣ 4፡40
እኔ ልማረው ፈልጌ ነበር።

መምህርት፣ 4፡52
ነይ፣ አብረን እንሞክረዋለን። አሁን እኔ የማውቀው ማይኩን መዝጋት ብቻ ነው፣ ከልጆቹ ነው የተማርኩት። ቅዳሜ አዳራሹን ክፈቱልኝ።

የሰባተኛ ክፍሉ እናት፣ ማታ 3፡15
ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄደም። ከቀዱት አንዷ እናት ግን ማታ ላይ ልጇን ይዛ መጣች። በፊቴ አጠፋው። ልጄ ከመኝታ ቤት አልወጣም፣ ግን በሩን ትንሽ ከፍቶ ሲያይ አየሁት። ሌሎቹ ሦስት ስልኮች ላይ አሁንም አለ።

ጸሐፊ፣ ማታ 3፡40
ነገ 6 ሰዓት ነው የመጨረሻው። ረቂቁ አሁን ያለው እንዲህ ነው። ርእስ፣ "ወጣቶቻችን ወደ ሜዳ"። ማልያ፣ ኳስና አበል 29,000። የአንድ ቀን ትምህርት በባለሙያ 4,000። የወላጆች ቡድን 5,000። ባነር 3,200። ወረቀት፣ ውሃና ባጃጅ 4,800። የጌም ቤቶቹ ስምምነት ከረቂቁ ወጥቷል። የወላጆች ቡድን ኃላፊ የሚለው ቦታ ላይ የፖሊውን ልጅ ስም ሰርዤዋለሁ፣ ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ አይገባም። እስከ ጠዋት 3 ሰዓት አንድ ሰው ስሙን ይላክልኝ።

የጌም ቤቱ ባለቤት፣ 3፡58
ቤቴን 2 ሰዓት ላይ ዘግቼ ነው የምጽፈው፣ ማንም ሳያስፈርመኝ። ኃላፊነቱን ግን አልችልም፣ ሰው አይቀበለኝም። ልጆቹ ግን በሙሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። ሦስቱን ስልክ አውቃቸዋለሁ።