ክርክር፦ ክፉውን ሰው በፊቱ ጠባሳ መለየት ይከልከል?

አወያይ፦ የብሪታኒያ ፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2018 ክፉ ገጸ ባሕርያቸውን በፊት ጠባሳ ለሚለዩ ፊልሞች ገንዘብ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ፊታቸው ላይ የሚታይ ምልክት ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳው «ቼንጂንግ ፌስስ» የጀመረውን ዘመቻ ተቀብሎ ነው። ሌሎች የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማትስ ይከተሉት? ልብ አንጠልጣይ ፊልም የምትሠሩ ከሙያችሁ እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ።

ሄለን (አልባሳትና ሜካፕ)፦ ይከተሉት። ሁሉም ወደ ጠባሳ የሚሮጠው ሥራው ቀላል ስለሆነ ነው። ኮሎዲየን የሚባል ፈሳሽ በብሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ሁለት ሦስቴ ይደገማል፤ ሲደርቅ ቆዳውን ሰብስቦ ያጨማድደዋል። ዓይን አጠገብ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ነው፣ አለቀ። ተመልካቹ ታዲያ ስለ ሰውየው ምን አወቀ? ምንም።

ልብስ ግን ይናገራል። ሀብታም መስሎ የሚያጭበረብር ሰው ካለ ኮቱ አዲስ ይሁን፣ የሸሚዙ አንገትጌና የእጅጌው ጫፍ ግን በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ማንም ሳይነግረው ተመልካቹ አንድ ነገር እንዳልገጠመ ይሰማዋል። ሙሉ ጥቁር ማልበስም ስህተት ነው፤ በጨለማ ትዕይንት ትከሻው ከግድግዳው ጋር ይዋጥና ጭንቅላቱ ብቻውን ይቀራል። ጠቆር ያለ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ያውም ሸካራ ጨርቅ፣ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ፊልም ሴትየዋ ገንዘቡን ከመስረቋ በፊት የምትታየው በነጭ የውስጥ ልብስ ነው፤ ከወሰደችው በኋላ በጥቁር። ፊቷን የነካው የለም።

ዳዊት (ካሜራ)፦ በልብሱ እስማማለሁ፣ በክልከላው አልስማማም። ጠባሳው ቢከለከል ያው ሥራ በሌንስ ይሠራል። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊቱን ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት ብታነሺው አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ያንኑ ሰው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሁለት ሜትር በላይ ርቀሽ ስታነሺው ፊቱ ይረጋጋል። ካሜራውን ከደረቱ በታች አውርደሽ መብራቱን ከሥር ከሰጠሽው የትኛውም ፊት ያስፈራል። ክልከላው ይህን ሁሉ አይነካም። ደግሞስ እውነተኛ ጠባሳ ያለው ተዋናይ የክፉ ሚና ሲዘጋበት ማን ተጠቀመ?

ሄለን፦ መብራቱ ሲጠፋ የአንተ ተዋናይ ፊቱ ይመለስለታል። ጠባሳ ያለበት ሰው ግን መንገድ ላይ በዚያ ፊልም ዓይን ይታያል። ተዋናዩን በተመለከተ ያልከው ያሳስበኛል፤ መልሱ የሐኪሙን፣ የመርማሪውን፣ የአባቱን ሚና መስጠት ነው። እስከ ዛሬ የተነፈገው እሱን ነው።

ብርሃኑ (ፕሮፕስ፣ ማለትም የትዕይንት ዕቃዎች)፦ ሁለታችሁም ዕቃውን ረሳችሁት። እ.ኤ.አ. በ1941 «ሰስፒሽን» ፊልም ላይ ባልየው ለሚስቱ ወተት ይዞ ደረጃ ሲወጣ፣ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ አምፖል ተደርጎ ነበር። ዓይን ከብርጭቆው አይነቀልም። መርዝ ይሁን አይሁን አናውቅም፤ ጥርጣሬው ያለው ብርጭቆው ላይ ነው፣ ሰውየው መልከ መልካም እንደሆነ ነው።

ዕቃ እንዲናገር አስቀድሞ ሥራ ፈትቶ መታየት አለበት። ቢላው መጀመሪያ በሰፊ ሾት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ቀጥሎ ዳቦ ይቁረጥበት፣ አደጋው ሲመጣ ብቻ ካሜራው ይቅረበው። ብዙዎች የሚያበላሹት በመጀመሪያው ትዕይንት አቅርበው በማሳየት ነው፤ ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቅና ይሰላቻል። ቢያንስ ሦስት ቢላዎች ይዘጋጁ፦ ለቅርብ ሾት ስለቱ እንዳይቆርጥ የደነዘ ብረት፣ ለመካከለኛ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለግብግቡ ጎማ። ጎማው በቅርብ ሾት ከገባ ሲታጠፍ ይታያል፣ ፍርሃቱም እዚያው ያበቃል። ብረቱ መብራቱን ወደ ሌንሱ ከመለሰ ደግሞ ማደብዘዣ ስፕሬይ ይነፋበት።

ዳዊት፦ ጋሽ ብርሃኑ፣ ለዋናው ሰው ልክ ነዎት። አርባ ሰከንድ ብቻ ታይቶ ለሚጠፋው ገዳይስ? ለእሱ ሦስት ትዕይንት የሚሰጥ ኤዲተር የለም፤ ፈጣን ምልክት የግድ ነው።

ሄለን፦ ፈጣን ምልክት ይኑር፣ ፊት ግን አይሁን። ዝናብ ውስጥ ሁሉም ጫማ ሲጨቀይ የእሱ ደረቅ ከሆነ ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

ዳዊት፦ ይህን ወድጄዋለሁ። የካሜራ አንግልም እንደዚያው በንጽጽር ነው የሚሠራው። ፊልሙን ሙሉ ከታች ወደ ላይ የሚያነሱ አሉ፤ ያኔ ምንም አይናገርም። የመጀመሪያውን ሲሶ በዓይን ልክ ይዘህ ስታበቃ ነው ዝቅ ማለቱ የሚያስደነግጠው። ካሜራውን ወደ ጎን ማዘንበልም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የበር መቃን ወይም ምሰሶ ፍሬሙ ውስጥ ከሌለ ግን ማዘንበሉን ማንም አያየውም።

ራሔል (ስክሪፕት)፦ እንግዲህ ክልከላው የሚፈተንበት መንገድ ይኑር። ጠባሳውን ከስክሪፕቱ ሰርዙት። አንድ ንግግር ወይም አንድ ድርጊት ከተለወጠ የታሪኩ አካል ነበር፣ ይቆይ። ምንም ካልተለወጠ የተለጠፈ ምልክት ነው፣ ገንዘብ አይሰጠው።

ዳዊት፦ ስክሪፕቱን ንጹሕ አድርጎ አስገብቶ ቀረጻ ላይ ጠባሳ የሚጨምርስ?

ራሔል፦ የመጨረሻው ክፍያ የመጀመሪያው ኤዲት ታይቶ ይለቀቅ። ውሉ ላይ ከተጻፈ ይቻላል።

ዳዊት፦ እስከዚያ ድረስ እሄዳለሁ። ያለ ፈተናው ግን በጅምላ መከልከሉን አሁንም እቃወማለሁ።