የመሥሪያ ቤት አለቃ ወሲባዊ ትንኮሳ ሲፈጽም አቤቱታው የት ይገባል? (ጅማ)

ጥያቄ፦ የአዌቱ ልጅ

ሰላም ወገኖቼ። እህቴ ጅማ ከተማ አስተዳደር ሥር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የሙከራ ጊዜዋ ላይ ናት። የቅርብ አለቃዋ ማታ ማታ በቴሌግራም ይጽፍላታል፤ «ቋሚነትሽ በእኔ ፊርማ ነው፣ አስቢበት» ብሏታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማህደር ክፍል ውስጥ በሩ ላይ ቆሞ መውጫ ከለከላትና ወገቧን ያዛት። ያየ ሰው የለም። የትኛው ሕግ ነው የሚመለከታት? ለማን ታመልክት? ያለ ምስክርስ ዋጋ አለው?

መልስ፦ ማህደር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀጣሪው ማን እንደሆነ ለዩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ የፌዴራል ተቋም ቢሆን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይሠራ ነበር። ከተማ አስተዳደር፣ ቀበሌ ወይም ጤና ጣቢያ ከሆነ ግን ሕጉ የኦሮሚያ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ። በኤጀንሲ በኩል የገባች የጽዳት ሠራተኛ ብትሆን ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነበር የምትዳኘው። የእህትህ ጉዳይ የክልሉ ነው።

አንቀጽ ቁጥር ከድሮ ማመልከቻ አትገልብጡ። የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 ራሱ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። ሆኖም 1064 ለወሲባዊ ትንኮሳ የሰጠው ትርጉም ድርጊትን በዝርዝር ለመጻፍ ጥሩ ልክ ነው፦ ያለ ፈቃድ መሳም፣ መደባበስ፣ መቆንጠጥ፣ መከታተል ወይም መንገድ መዝጋት፣ እንዲሁም ለቅጥር፣ ለዕድገት፣ ለዝውውር ወይም ለሥልጠና ወሲብን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ። በሩን መዝጋቱ፣ ወገቧን መያዙ፣ «በእኔ ፊርማ ነው» ማለቱ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። በሦስት ፓራግራፍ ለየብቻ ይጻፉ።

መልስ፦ የጅሬኗ

ከሁሉ በፊት ስልኩ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ወሬውን ከሰማ በአንድ ደቂቃ ባዶ ያደርገዋል። ዛሬውኑ እያንዳንዱን መልእክት ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋ ስክሪንሾት ታንሳ። የፕሮፋይሉን ገጽም ከነስልክ ቁጥሩ ታንሳው፤ የተጠቃሚ ስም ነገ ይቀየራል። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ካሜራ የእሷን ስልክ ማያ፣ ጣቷ ገጹን ወደ ላይ ሲገፋ፣ በቪዲዮ ይቀረጽ። ስክሪንሾት ብቻ ሲቀርብ «ተቀነባብሯል» የሚል መከራከሪያ ይመጣል፤ ስለዚህ ስልኩንም አትሽጥ፣ አትቀይር፣ ሪሴት አታድርግ።

ምስክርን በተመለከተ፦ ድርጊቱን ያየ ሰው አለመኖሩ ጉዳዩን አይገድለውም። ከማህደር ክፍል ስትወጣ ሁኔታዋን ያየ ባልደረባ፣ የዚያኑ ቀን የነገረችው ሰው፣ የመልእክቱ ሰዓት፣ ክፍሉን የከፈተው ቁልፍ በማን እጅ እንደነበር፣ ሁሉም ሲደመር ማስረጃ ነው።

መልስ፦ ሰነድ ጸሐፊ

አቤቱታው ላይ «ያስቸግረኛል» የሚል ቃል አይጻፍ፤ ምንም አይነግርም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተናገረው ቃል እንዳለ፣ እሷ የመለሰችው፣ ከዚያ የተጠየቀው ውሳኔ። ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሲሆን ግልባጭ ለሥነ ምግባር ክፍልና ለከተማው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ይሁን። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቢገባ ለትርጉም ተብሎ አይዘገይም። መልእክቶቹ በአማርኛ ከሆኑ ትርጉማቸው አብሮ ይያያዝ።

በእጅ ለጸሐፊ ሰጥቶ መመለስ የለም። መዝገብ ቤት ገብቶ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ (ቀሪው) ላይ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ይመታ። ያለዚያ ከወር በኋላ «አልደረሰንም» ቢባል መልስ የላችሁም። የሙከራ ጊዜ ምዘናዋን ሌላ ሰው እንዲሞላላትም በዚያው ደብዳቤ ትጠይቅ። ይህን ሰው ይረሳዋል፤ እሱ ግን ሊበቀል የሚችለው በምዘናው ነው።

መልስ፦ ማህደር

የወንጀሉንም ልጨምር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 በአሠሪነት ወይም በመሰል ሥልጣን ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ ወይም ሌላ ለንጽሕና ተቃራኒ ድርጊት የሚፈጽምን በቀላል እስራት ይቀጣል። ይህ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ነው፤ ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከተች ያልፋል። የቢሮውን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ስትጠብቁ ይህ ቀን እንዳያልፍ አደራ። ቃል ብቻ ከሆነ 625 ይከብዳል፤ ወገቧን መያዙ ግን ለዐቃቤ ሕግ መቅረብ አለበት። በመልእክት የሚያስፈራራት ከሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13ም አለ።

ጥያቄ፦ የአዌቱ ልጅ

አመሰግናለሁ። ቢሮው «ፖሊስ ከያዘው ፍርድ ቤት እስኪወስን እንጠብቃለን» ቢልስ? ሽማግሌ እንዲገባም እየተወራ ነው።

መልስ፦ የጅሬኗ

ዲሲፕሊን የፍርድ ቤትን ውሳኔ አይጠብቅም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቅጣቱም ለየብቻ ነው። በቀድሞው የፌዴራል አዋጅ 1064 ትንኮሳ ከባድ ጥፋት ነበር፦ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ መቀጫ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ ወይም ስንብት። ኮሚቴው ውስጥ የእሱ የቅርብ ሰው ካለ እንዲነሳ በጽሑፍ ትጠይቅ።

ሽምግልናው ላይ ጠንከር በሉ። «ይቅር ብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረመች የግል አቤቱታው እንደተተወ ይቆጠራል። «ለሰላምሽ» ብለው እሷን ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውሯት ከሞከሩም እሱ እንዲነሳ ትጠይቅ እንጂ ዝም ብላ አትሂድ። ፌስቡክ ላይም ስሙን አታውጡ፤ በስም ማጥፋት ከስሶ እሷን ተከላካይ ያደርጋታል።

መልስ፦ ሰነድ ጸሐፊ

ነፃ የሕግ ምክር ከፈለጋችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በ7711 ይደወላል። ቢሮው አቤቱታዋን አልቀበልም ካለ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። ስትሄዱ ማኅተም ያለበትን ቀሪና የስክሪንሾቶቹን ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፤ ዋናውን ለማንም አታስረክቡ።