የሱሲታ ማመልከቻ፦ ረቂቅ 2 ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦ ማመልከቻው ሐሙስ ለማዘጋጃ ቤቱ ይገባል። ሱሲታ የምትባለውን የእስራኤል መኪና አንድ አሮጌ ገዝተን ልጆቻችን እየጠገኑ ሙያ እንዲማሩባት ነው የምንጠይቀው። ታሪኳንም ጽፌያለሁ፦ እዚሁ ሃይፋ አውቶካርስ የሚባል ኩባንያ ከእንግሊዙ መኪና አምራች ሪላየንት ጋር ሆኖ የሠራት፣ ሞተሯ የፎርድ፣ ገላዋ ፋይበርግላስ (በሬዚን፣ ማለትም በሚደርቅ ሙጫ፣ የተያያዘ የመስታወት ክር)። ሽፋኑ ላይ ግመል ሱሲታ ስትበላ የሚያሳይ ሥዕል አለ።

ባትላሜራው፦ ግመሏ ትውጣ። ግመል ገላዋን ይበላል የሚባለው ተረት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አገሩ ሁሉ ሱሲታን የሚያውቃት በግመሏ ነው። ያለሷ ማን ያነበዋል?

ባትላሜራው፦ ፋይበርግላስ ስሠራ የኖርኩት እኔ ነኝ። ላሜራ ቢጎዳ በመዶሻ ትመልሰዋለህ። ይሄ ግን ይሰነጠቃል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ፣ ጨርቁን ሬዚን አጠጥተህ እየደራረብክ ትለጥፋለህ፣ በደንብ ሳይደርቅ ከነካኸው ተላቆ ይመጣል፣ አቧራው ደግሞ ክንድህን ሲያሳክክህ ያድራል። የትኛዋ ግመል ናት ይህን የምትበላ?

የቲራት ካርሜሏ፦ በግመል ስትጣሉ ዋናው ተረሳ። ኩባንያው ለምን ከሰረ የሚል አንድ መስመር የለም! የዚሁ ኩባንያ የስፖርት መኪና ሳብራ ስፖርት በ1961 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ትርዒት ላይ ቀረበች፣ ለአሜሪካ ገበያ ሲቻኮሉ የመጀመሪያዎቹን እንግሊዝ አገር አሠሩ፣ ተሠርተው ያለቁት ግን ተደምረው 400 አልሞሉም። ፋብሪካው ወደኛ ወደ ቲራት ካርሜል ተዛውሮም አልዳነ፣ በ1971 ከሰረ። ልጆቹ መማር ያለባቸው ይህንን ነው።

ባለጋራዡ፦ ቦታ እኔ እሰጣለሁ። ሞተሩንም እኔ አወርዳለሁ።

አዲስ አባል፦ ምን አገባን? ብዙዎቻችን በ1984 እና በ1991 ነው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገባነው፣ ያኔ ምርቷ ቆሟል። በዚህ ገንዘብ የራሳችን ታሪክ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ገንዘቡ ለሙያ ትምህርት ነው። ለታሪክ ከሆነ ሌላ ቦታ አመልክት። ግመሏ ግን ትቆያለች።

ባትላሜራው፦ እንግዲያው ስሜን ሰርዙልኝ። ሙያዬን የሚያዋርድ ወረቀት ላይ አልፈርምም።

የቲራት ካርሜሏ፦ ጋሼ፣ አንተ ከወጣህ ገላዋን ማን ሊሠራ ነው? ተው እንጂ።

ጸሐፊ፦ ባለጋራዡ ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ አያነሳም። የሚያገኘው ካለ ይንገረው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋራዥ ሳይኖር መኪና አልገዛም። መንገድ ላይ ልናቆማት ነው? በዕብራይስጥና በአማርኛ መጽሔት እናሳትም፣ እሱ ይቻላል።

አዲስ አባል፦ መጽሔት ከሆነማ ግማሹ የኛ ታሪክ ይሁን።

ባትላሜራው፦ ከሥሯ «ተረት ነው» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈ ግመሏ ትግባ። ስለ ፋይበርግላሱ አንድ ገጽ እኔ እጽፋለሁ፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3፦ መጽሔት፣ ሁለት ቋንቋ፣ ግማሹ ሱሲታ፣ ግማሹ የመምጣታችን ታሪክ። ግመሏ ገጽ 2። የመኪናዋ ግዢ ለከርሞ።

የቲራት ካርሜሏ፦ ልጄንና ጓደኞቹን ለጥገናው አስመዝግቤያለሁ። ምን ልበላቸው?

ገንዘብ ያዥ፦ ሰኞ ስብሰባ ላይ ይነሳ። አሁን የማተሚያ ቤት ዋጋ የጠየቀ ይጻፍልኝ፣ ሐሙስ ደርሷል።