«ጥሩር ለበስ» ወይስ «ባለጋሻ»? ኮሪዶራስን በአማርኛ ስለ መጥራት

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎቼ በማዘጋጀው የዓሣ አመዳደብ ጽሑፍ ውስጥ ኮሪዶራስ የተባለውን የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ዓሣ «ባለጋሻ አምባዛ» ልበለው ወይስ «ጥሩር ለበስ አምባዛ»? የትኛው ይቀርባል ትላላችሁ?

መላሽ፣ ከሐይቅ ከተማ፦
አብሽሩ፣ መምህር፤ ይህ ብዙ አያከራክርም። ጋሻ በእጅ ተይዞ ይመከትበታል እንጂ አይለበስም፤ የዚህ ዓሣ ጠፍጣፋ አጥንቶች ግን በግራና በቀኝ ጎኑ በሁለት በሁለት ረድፍ ተደራርበው ገላውን ያለበሱት ስለሆኑ፣ ሳኦል ለዳዊት ቁር ደፍቶ ያለበሰው ጥሩር ይበልጥ ይስማማዋል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድም በ1803 እ.ኤ.አ. ወገኑን፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎችን ስብስብ፣ ሲሰይም ቁርንና ቆዳን የሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት ነበር ያጣመረው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «አምባዛ» የሚለው ቃል ነው። እኛ አምባዛ የምንለው ከሐይቃችን የሚወጣው ዓሣ ከሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል፣ ቅርፊትም ሆነ ጠፍጣፋ አጥንት የሌለበት ልሙጥ ገላ ያለው ሲሆን፣ አስተኔውም (ወገኖችን የሚያቅፈው ቤተሰብ) ክላሪዳይ ነው። ኮሪዶራስ ግን ከአስተኔ ካሊክቲዳይ የሚመደብ፣ አብዛኛው ዝርያ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ፍጥረት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ከፍ ብለን አስተኔዎችን የሚያቅፈው ክፍለ መደብ፣ ማለትም ሲሉሪፎርሜስ ላይ ስንደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ «አምባዛ» ለክፍለ መደቡ ሁሉ የወል ስም መሆኑ በጽሑፉ መግቢያ ላይ ካልተገለጸ፣ የኛ አገር ተማሪ ሪዙን ብቻ አይቶ የሐይቁን ዓሣ የቅርብ ዘመድ አድርጎ ያስበዋል።

ሌላ ተሳታፊ፣ ከወልድያ፦
በአምባዛው እስማማለሁ፤ ጥሩርን ለኮሪዶራስ ብቻ መስጠቱን ግን አልቀበለውም። ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ አፉ እንደ መምጠጫ ሆኖ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ሎሪካሪዳይ የተባለው አስተኔም በብዙ ረድፍ አጥንት የተሸፈነ ነው፤ የስሙ መነሻ «ሎሪካ» ደግሞ በላቲን ራሱ ጥሩር ማለት ነው። «ጥሩር ለበስ» የሁለቱ አስተኔዎች የጋራ መጠሪያ ቢሆን፣ የወገኑ ስም ደግሞ ሳይተረጎም «ኮሪዶራስ» ተብሎ እንዳለ ቢጻፍ ይሻላል።

የወገን ስም እንዳይተረጎም የምሟገተው ስሙ ስለማይረጋ ነው። ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዱን እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጄኒንስ በ1842 እ.ኤ.አ. «ካሊክቲስ ፓሌያቱስ» አለው፤ ኋላ ወደ ኮሪዶራስ ተዛወረ፤ ከ160 በላይ ዝርያዎችን አጭቆ የያዘው ይህ ወገን በ2024 እ.ኤ.አ. ሲከለስና የተተዉ የቆዩ ስሞች እንደገና ሥራ ላይ ሲውሉ ደግሞ «ሆፕሊሶማ ፓሌያቱም» ሆነ። የመጨረሻዋ ፊደል ሳትቀር የተለወጠችው የዝርያው ቅጽል በሰዋስው ጾታ የወገኑን ስም መከተል ስላለበት ነው። እያንዳንዱን ተርጉመን ቢሆን ኖሮ አንዱን ዓሣ ሦስት ጊዜ ክርስትና ባነሣነው ነበር።

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው «ኮሪዶራስ፣ ከጥሩር ለበስ አምባዞች አንዱ ወገን፤ አስተኔው ካሊክቲዳይ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የ2024ቱንም ክለሳ ከሥሩ አሰፍራለሁ።