የሞተ ሰርቨር ፖርት ቁጥር ለሌላ ሲሰጥ የድሮ ደንበኞች መልእክት ለአዲሱ ይደርሳል፤ መብቱ የት ነው መያዝ ያለበት?

አዋሽ_ማዶ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ ላለ የጥናት ቡድን በሲ የተጻፈ ትንሽ ማስተማሪያ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለ፤ ለባለ 64 ቢት ሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር የተሠራ፣ ኪዩኢሙ በተባለው የማሽን ማስመሰያ ፕሮግራም ላይ የሚሮጥ። የመልእክት መለዋወጫው ክፍል እንዲህ ነው፦ ለመላው ሲስተም አንድ የፖርት ድርድር፣ 64 ቦታ። እያንዳንዱ ፖርት 16 መልእክት የሚይዝ ወረፋ አለው፤ አንዱ መልእክት 128 ባይት ነው። የፖርቱ ቁጥር በድርድሩ ውስጥ ያለው ተራ ነው። መብት የሚፈተሸው እንደ ፋይል ነው፤ ባለቤቱ ማን ነው፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ያነባል።

ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ፖርት 7ን የያዘው የሕትመት ሰርቨር ሲሞት ቦታው ለሎግ ሰርቨሩ ይሰጣል። 7 የሚለውን ቁጥር የያዘው ደንበኛ መላኩን ይቀጥላል፤ ከርነሉም ያደርስለታል። ስህተት የሚባል ነገር አይመለስም። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ጥያቄ እየላከ መልሱን ሳያነብ ሲቀር ወረፋው ይሞላና ሰርቨሩ መልስ በመላክ ላይ እንዳለ ይቆማል። ከኋላ ያሉት ደንበኞች በሙሉ አብረው ይቆማሉ።

የመጀመሪያውን ለማስተካከል ፖርቱ ላይ የባለቤት መለያ መጨመር ታስቧል። ያዋጣል?

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)

አያዋጣም ወንድሜ። ላኪው መለያውን ከየት ያመጣዋል? ራሱ ከጻፈው ሊዋሽ ይችላል። ከርነሉ ከያዘለት ደግሞ ዞረህ ወደ መብት ሠንጠረዥ መጣህ። ሥሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ፖርቱንና የፖርቱን ቁጥር አንድ አድርገሃቸዋል። ሳይሠራበት የቆየ የሲም ቁጥር ለሌላ ሰው ሲሰጥ የቀድሞው ባለቤት ዘመዶች አዲሱን በስልክ የሚያጨናንቁት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቁጥር ለአገር ሁሉ አንድ ነው፤ የገመተም ይደውላል።

በ1985 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሥራው የተጀመረው ማክ የተባለው ከርነል ይህን በሦስት ከፍሎ ነው የፈታው። ፖርቱ በከርነል ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለ ኦብጀክት ነው፤ ሎክ (ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዳይነካው የሚከለክል ቁልፍ)፣ የሪፈረንስ ቆጠራ (ስንት ቦታ እንደሚጠቀሙበት የሚቆጥር)፣ በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚል ምልክት፣ ወረፋ፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ ስንት የመላክ መብት እንደወጣለት ይይዛል። ሁለተኛው በየፕሮሰሱ ያለ የራሱ ሠንጠረዥ ነው። ሦስተኛው ፕሮግራሙ የሚያየው ስም ነው፤ ስሙ የሚሠራው በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው። ያንተ 7 እና የጎረቤትህ 7 አይገናኙም። ቁጥር መገመት ምንም አያስገኝም፤ መብቱ ያለው ከርነሉ በሚይዘው ሠንጠረዥ ውስጥ ነውና።

የድሮ ቁጥር ችግር ግን በአንድ ፕሮሰስ ውስጥም ይመጣል፤ አንዱ ክር (በፕሮሰሱ ውስጥ ለብቻው የሚሮጥ የሥራ መስመር) ስሙን ሲለቅ ሌላው ገና ይዞታል። ለዚህ የትውልድ ቁጥር አለ። በማክ የ32 ቢቱ ስም ላይኛው 24 ቢት የሠንጠረዡ ተራ፣ ታችኛው 8 ቢት የትውልዱ ቦታ ነው። ማክኦኤስ ላይ አንድ ፕሮግራም የራሱን ታስክ (ማክ ፕሮሰስን የሚጠራበት ስም ነው) ፖርት ስም ሲያትም ብዙ ጊዜ 259 ወይም 515 የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ 515 ማለት ተራ 2 ሲባዛ 256፣ ሲደመር 3። ቦታው ተለቆ እንደገና ሲሰጥ የትውልዱ ክፍል ይቀየራል፤ አሮጌው ስም ሲመጣ አይገጥምምና ስህተት ይመለሳል። 8 ቢት ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ዞሮ ይመጣል። አንተ 64 ቢት ሬጅስተር ስላለህ 32 ለተራ፣ 32 ለትውልድ አድርገው። ነፃ ቦታዎቹንም ቀድሞ የተለቀቀው ቀድሞ እንዲወጣ አድርገህ ያዛቸው፤ አሁን የተለቀቀውን ወዲያው መልሰህ አትስጥ።

ፍተሻው ላይ ቅደም ተከተሉን አትሳት፦ የሠንጠረዡን ሎክ ያዝ፣ ተራው ከሠንጠረዡ መጠን በታች መሆኑን አረጋግጥ፣ ትውልዱን አወዳድር፣ የመብቱን ዓይነት እይ፣ የፖርቱን ሪፈረንስ በ1 ጨምር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሠንጠረዡን ሎክ ልቀቅና የፖርቱን ሎክ ይዘህ በሕይወት መኖሩን እይ። ሪፈረንሱን ሳትጨምር ሎኩን ከለቀቅህ በመሃል ሌላ ክር ፖርቱን ያስለቅቀውና የተለቀቀ ማህደረ ትውስታ ላይ ትጽፋለህ። በአንድ ኮር ስትሞክረው ላይታይ ይችላል፤ ኪዩኢሙን በ4 ኮር አስነሣው።

የአሞራ_ገደል (ሐዋሳ)

ሁለተኛውን ችግር ልያዘው፤ ስለ እሱ የሚጻፈው ትንሽ ነው።

እንደ ፋይል «ማንበብ፣ መጻፍ» ማለቱን ተወው። የፖስታ ሣጥንን አስብ። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱ የመቀበል መብት ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮሰስ ብቻ ይይዘዋል። ደብዳቤ ማስገባት የሚችሉት ብዙ ናቸው፤ ያ የመላክ መብት ነው። ምሳሌው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፦ በፖስታ ቤት የሣጥኑን ቁጥር ያወቀ ሁሉ ይልካል፤ በማክ ግን መብቱ ካልተሰጠህ በቀር አትልክም።

ሦስተኛው የአንድ ጊዜ መላኪያ መብት ነው፤ ያንተ መድኃኒትም እሱ ነው። ደንበኛው ጥያቄውን ሲልክ የመልስ ፖርቱን የአንድ ጊዜ መብት አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ ሲመልስበት መብቱ ይጠፋል። ሰርቨሩ ሳይመልስ ቢሞት ወይም መብቱን ቢጥለው ከርነሉ ራሱ በዚያው መብት ማሳወቂያ ይልካል። ስለዚህ ለአንድ መብት ምንጊዜም አንድ መልእክት ይደርሳል፤ ወይ መልሱ፣ ወይ የመጥፋቱ ወሬ። ደንበኛው ለዘላለም አይጠብቅም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ፦ በማክ በአንድ ጊዜ መብት የሚላክ መልእክት የወረፋ ገደብ አይመለከተውም። ተራው የፖርት ገደብ 5 መልእክት ነው፤ በተራ የመላክ መብት የመጣ ላኪ 5ቱ ከሞሉ ይቆማል፣ በአንድ ጊዜ መብት የመጣ መልስ ግን ገብቶ ይቀመጣል። ማህደረ ትውስታ አያጥለቀልቅም፤ መብቱን የሰጠው ደንበኛው ራሱ ስለሆነ ከሰጠው ቁጥር በላይ ሊመጣ አይችልም። አንድ ደንበኛ ስንት የአንድ ጊዜ መብት ማውጣት እንደሚችል ገደብ አድርግ እንጂ ሰርቨሩን አታስቁመው።

መብት ከመልእክት ጋር ሲሄድ ሦስት ግሥ አለ። የመቀበል መብት የያዘ አዲስ የመላክ መብት «ይሠራል»። የመላክ መብት የያዘ ወይ «ይቀዳል» ወይ «ያዛውራል»፤ ሲያዛውር ከራሱ ሠንጠረዥ ይቀነሳል። የአንድ ጊዜ መብት ይዛወራል እንጂ አይቀዳም። በአንድ መልእክት 3 መብት ቢኖርና ሦስተኛው ስም ልክ ያልሆነ ቢሆን ሁለቱ ከላኪው ሠንጠረዥ ቀድመው ወጥተዋል። እነሱን መልሰህ ካላስተካከልህ መብት ይጠፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ፈትሽ፣ ከዚያ አንቀሳቅስ። በሁለቱ መሃል የሠንጠረዡን ሎክ አትልቀቅ።

የሚጠቀሙበት ሰዎች በብዛት የሚወድቁት ግን በቆጠራው ነው። ማክ ላይ የአንድ ፖርት የመላክ መብት 5 ጊዜ ቢደርስህ 5 ስም አታገኝም፤ አንድ ስም ሆኖ ቆጠራው 5 ይሆናል። 5 ጊዜ መልቀቅ አለብህ። በየጥያቄው የሚደርሰውን መብት የማይለቅ ሰርቨር ቆጠራው ዝም ብሎ ያድጋል፤ የመጨረሻው ደንበኛ ሲሄድ መምጣት ያለበት «ላኪ የለም» የሚለው ማሳወቂያም አይመጣም። ይህን በችኮላ ለማስተካከል ስሙን በሙሉ የሚያጠፋውን ጥሪ የሚጠቀም አለ፤ ከዚህ ይልቅ ሊኩ (ሳይለቀቅ የሚጠራቀመው ቆጠራ) ይሻላል። በዚያ ስም ሥር የሌላ ክፍል ድርሻም አለ፤ አብሮ ይጠፋል፣ ቦታው ለሌላ ፖርት ይሰጣል፣ ከዚያ የማይገናኝ አገልጋይ ጋ መልእክት መግባት ይጀምራል። የጥያቄህ የመጀመሪያ ችግር በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ፍጥነት_መንገድ (አዳማ)

ከላይ ያሉት ትክክል ናቸው፤ ለማስተማሪያ ከርነል ግን ወረፋውን ራሱን ለምን አትጥለውም? 64 ሲባዛ 16 ሲባዛ 128 ማለት 131,072 ባይት ነው፤ ማንም ባይልክም የተያዘ ቦታ። አንድ ክፉ ፕሮሰስ 64ቱንም ፖርት ቢወስድ ሲስተሙ አለቀ።

ሴል4ን ተመልከት፤ የኮዱ ትክክለኛነት የሒሳብ ማረጋገጫ በ2009 የተሠራለት ማይክሮከርነል ነው። እዚያ ኢንድፖይንት (የፖርቱ አቻ የሆነው የመገናኛ ነጥብ) 16 ባይት ብቻ ነው። መልእክት አያጠራቅምም፤ ላኪና ተቀባይ ሲገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል፣ ካልተገናኙ የሚጠብቀው ክር ራሱ ነው ወረፋ የሚሰለፈው። መብቶቹ አራት ናቸው፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሌላ ካፓቢሊቲ (ከርነሉ የሚይዘው የመብት ማስረጃ) ማስተላለፍ፣ እና መልስ መስጫውን ብቻ ማስተላለፍ። ደንበኛን ለመለየት ባጅ አለ፤ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር የተመታበት ቅጂ ይሰጣል፣ መልእክት ሲመጣ ከርነሉ ቁጥሩን ይነግረዋል። ባጅ የተመታበትን ማንም እንደገና መለወጥ አይችልም። በ64 ቢት ማሽን ባጁም 64 ቢት ነው፤ የደንበኛውን መዝገብ ተራ እዚያው ማስገባት ይቻላል።

መጠንቀቅ ያለብህ፦ «ልኬ መልስ ልጠብቅ» የሚለውን ጥሪ ከሁለቱ የማስተላለፊያ መብቶች አንዱ እንኳ በሌለው ካፓቢሊቲ ብትጠራ መልእክቱ ይደርሳል፤ መልስ መስጫው ግን አይፈጠርም። ክሩ ያለ ምንም ስህተት እዚያው ይቆማል። «ሰርቨሩ አልመለሰልኝም» ተብሎ ብዙ ሰዓት ይፈለጋል፤ መብቱን ቀድመህ እይ።

ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች በአጭሩ፦ በዩኒክስ ሶኬት ፋይል ዲስክሪፕተር (ለተከፈተ ፋይል ወይም ሶኬት የሚሰጥ ቁጥር) ማስተላለፍ ያው መብት ማስተላለፍ ነው። በአንድ መልእክት ከ253 አይበልጥም። ተቀባዩ ያዘጋጀው ቦታ ከጠበበ የተረፉት ይዘጋሉ፤ «ተቆርጧል» የሚለውን ምልክት ካላየህ አታውቅም። በስም የተሠራ ሶኬት ላይ ለመገናኘት የፋይሉ የመጻፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ በዜሮ ባይት የሚጀምር ስም ያለው ሶኬት ግን የፋይል ፈቃድ ስለሌለው ማረጋገጡ የሰርቨሩ ሥራ ነው።

አዋሽ_ማዶ (አዳማ)

በጣም አመሰግናለሁ፤ ከልብ ነው። በየፕሮሰሱ ሠንጠረዥና የአንድ ጊዜ መብት ይገባሉ። ወረፋው ለጊዜው ይቆያል፤ ቡድኑ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት ስለሚፈልግ። አንድ ቀሪ ጥያቄ፦ የመቀበል መብት ራሱ በመልእክት ቢላክስ? የ«ሀ» ፖርት መቀበያ በ«ለ» ፖርት ወረፋ ውስጥ፣ የ«ለ» ደግሞ በ«ሀ» ወረፋ ውስጥ ቢገባ ሁለቱንም ማን ያነባቸዋል?

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)

ማንም። ሁለቱ እርስ በርስ ሪፈረንስ ስለያዙ ቆጠራቸው ዜሮ አይደርስም፤ ማሽኑ እስኪጠፋ ይቀመጣሉ። ማክ ይህን በሚላክበት ሰዓት ነው የሚይዘው፦ የመቀበል መብት የያዘ መልእክት ሲመጣ የመድረሻ ፖርቱን ያያል፤ እሱም በመንገድ ላይ ከሆነ ወደ የሚሄድበት ፖርት ይሻገራል፣ እንዲህ እያለ ይከተላል። ዞሮ ራሱ ጋ ከመጣ መልእክቱን ወረፋ ሳያስገባ ያጠፋዋል። ሊኑክስ በሶኬት ውስጥ ለሚዞሩት ዲስክሪፕተሮች ሌላ መንገድ ይዟል፤ ቆሻሻ ሰብሳቢ አለው፣ በየጊዜው እየዞረ ማንም የማይደርስባቸውን ይፈልጋል። ሁለቱም ብዙ ሥራ ነው። የመጀመሪያው እትም ላይ የመቀበል መብት መላክን ከልክል፤ የመላክና የአንድ ጊዜ መብት ብቻ ይሂድ። ያኔ ይህ ቀለበት አይፈጠርም።

ፕሮሰስ ሲሞትም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፖርቱን በሎክ ሥር «ሞቷል» በለው፤ አዲስ መልእክት እንዳይገባ። ከዚያ ወረፋውን ነቅለህ በጎን ዝርዝር ላይ አድርገው፣ ለመላክ የቆሙትን ክሮች በስህተት ቁጥር ቀስቅሳቸው፣ ሎኩን ልቀቅ። መልእክቶቹን የምታጠፋው ከዚህ በኋላ ነው፤ የፖርቱን ሎክ ይዘህ እያለህ አታጥፋ። በመልእክቱ ውስጥ ያለው መብት የሌላ ፖርት የመጨረሻ ሪፈረንስ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲለቀቅ የእሱም ወረፋ ይጠፋል፣ በውስጡም ሌላ መብት ይኖራል። በሪከርሲቭ (ራሱን መልሶ በሚጠራ) ፈንክሽን ከሠራኸው አንድ ተጠቃሚ ሰንሰለቱን እንደፈለገ አስረዝሞ የከርነል ስታክህን ያፈነዳዋል። የሚጠፉ መልእክቶችን በአንድ ዝርዝር ላይ እየጨመርህ በሉፕ አጥፋቸው፤ መልእክቱ ራሱ ውስጥ «ቀጣይ» የሚል ፖይንተር ካለ ተጨማሪ ማህደረ ትውስታም አይጠይቅም።